ለእማዬ «ቮልፍጋንግ»ን እንዴት ብዬ ልተርጉምላት?

የካሰሉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ባለቤቴ ጀርመናዊት ናት። በሚመጣው ወር ወንድ ልጅ እንጠብቃለን። በመጀመሪያ ስሙ ተስማምተናል፤ ዮናስ። እዚህም ዮናስ ነው፣ አገር ቤትም ዮናስ ነው፤ ማንም አይደናቀፍበትም። ጣጣው ሁለተኛው ስም ነው። ባለቤቴን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። አምና አረፉ። ስማቸው ቮልፍጋንግ ነበር። ስማቸው በልጃችን ላይ እንዲቀር ትፈልጋለች። እኔም ሰውዬውን እወዳቸው ስለነበር ሳላቅማማ እሺ አልኳት።

ከዚያ ደሴ ለእማዬ ደወልኩ። ስሙን ስነግራት «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። መች አስቤው አውቃለሁ! ባለቤቴን ጠየቅኳት፤ እሷም ስለ ትርጉሙ አስባ አታውቅም። ዕድሜ ልኳን የጠራችው ስም ነው እኮ። ፈልገን አገኘነው፤ «ቮልፍ» ተኩላ፣ «ጋንግ» አካሄድ ወይም መንገድ። እኔ ሞኙ እንዳለ ተረጎምኩላት፤ «የተኩላ አካሄድ»።

ስልኩ ዝም አለ። ቆየት ብላ «የበግ ለምድ እንኳ ያልለበሰ? እንዲያው ደረቅ ተኩላ?» አለችኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እነዚህ ሰዎች ስም ሲያወጡ ምን እያሰቡ ነበር? ለእናት ጆሮ የሚመች ሌላ የጥንት የጀርመን ስምስ አለ ወይ? ባለቤቴ «ካለ እሰማለሁ» ብላለች፤ ፊቷ ግን እንደዚያ አይልም።

ሙሌ ኮሎኝ፦
እንኳን ደስ አላችሁ! ተመስገን በል፤ አያትየው ኤበርሃርድ ቢባሉስ ኖሮ? «ኤበር» ወንድ አሳማ ነው፤ ለጥንቶቹ የዱሩ ከርከሮ። «እንደ ከርከሮ የጠነከረ»። ይሄን ሰምታ እማዬ በማግስቱ ጠበል በዲኤችኤል ትልክልህ ነበር።

መዝገበ ቃላት፦
ወንድሜ፣ መተርጎምህ ነው ጉድ ያፈላብህ። የእኛ ስም ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥላሁን። ይበልጣል። አይተነው። አንድ ሰው የሆነ ነገር ሲል ይሰማሃል። የጥንት ጀርመኖች ስም ግን ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ሁለቱ ተያይዘው ሐሳብ እንዲሰጡ ግድ አልነበረም። «ቪልሄልም»ን ውሰድ። «ቪሌ» ፈቃድ ነው፣ «ሄልም» ራስ ቁር። የፈቃድ ራስ ቁር ማለት ምን ማለት ነው? ምንም።

ነገሩ የዘር ምልክት ነበር። አንዱን ግማሽ ከአባት፣ ሌላውን ከእናት ወገን ወይም ከአያት ወስደው ይገጥማሉ። ደግሞ የዚህ ዋናው ምስክር ያለው እዚያው አንተ ከተማ ነው። ካሰል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ800ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ ሁለት ቅጠል ብራና አለ፤ የሂልደብራንድ መዝሙር ይባላል። አባትና ልጅ በሁለት ሠራዊት መሀል ሳይተዋወቁ ሲፋጠጡ ነው ታሪኩ። አያትየው ሄሪብራንድ፣ አባት ሂልደብራንድ፣ ልጅ ሃዱብራንድ። «ሄሪ» ሠራዊት ነው፤ «ሂልድ»ም «ሃዱ»ም ውጊያ። «ብራንድ» እሳት ወይም ሰይፍ። የመጀመሪያው ፊደላቸው አንድ፣ መጨረሻቸውም አንድ። የማን ልጅ መሆንህን ስምህ ይናገራል፤ የአባት ስም መጨመር እንኳ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ያ ብራና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተሰርቆ አሜሪካ ሄዶ ነበር። አንዱ ቅጠል በ1955፣ ሌላው በ1972 ተመለሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሰፈርህ ስለሆነ አንድ ቀን ሄደህ ጠይቅ።

ሳባ በርሊን፦
እኔ የምለው፣ እኛስ? አጎቴ ደምሰው ይባላል። አያቴ በላቸው ናቸው። አሸብር የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ሰውዬው ዝንብ አይገድልም። እማዬን «አሸብር ከተኩላ በምን ይሻላል?» በላት እስቲ።

የካሰሉ፦
@ሳባ ሞከርኩት። «አሸብር ጠላትን ነው፤ ተኩላ ግን በግ ነው የሚበላው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

@መዝገበ ቃላት አመሰግናለሁ። እስቲ ከተኩላ ውጪ ያሉትን ቁርጥራጮች ንገረኝ።

መዝገበ ቃላት፦
ጥቂት ቃላት ካወቅህ ግማሹን ስም ትፈታዋለህ። «ሪሽ» ኃያል፣ ገዥ ነው። ፊት ለፊቱ «ፍሪድ»ን፣ ማለትም ሰላምን ስታስቀምጥ ፍሪድሪሽ። «ሃይም»ን፣ ማለትም ቤትን ስታስቀምጥ ሃይንሪሽ። «ጌር» ጦር ነው፣ የሚወረወረው። «ሃርት» ጽኑ። ጌርሃርድ። «ቤርን» ድብ፤ ቤርንሃርድ። «ኩን» ደፋር፣ «ራት» ምክር፤ ኮንራድ። «ቤርት» የሚያበራ፤ አልቤርት፣ ሮቤርት፣ ሄርቤርት። «ዚግ» ድል፤ ዚግፍሪድ ማለት ድልና ሰላም ጎን ለጎን። ኦቶ ደግሞ ሀብት ከሚለው ቃል የመጡ ስሞች ቁልምጫ ነው። የእኛ ሀብቴ በለው።

ለእማዬ የሚመቸው ፍሪድሪሽ ነው። ሰላም አለበት። የፕሮይሰን (የፕሩሺያ) ነገሥታትም ወደውት ነበር፤ ከ1701 እስከ 1918 ዘጠኝ ነገሡ፤ ዘጠኙም ወይ ፍሪድሪሽ፣ ወይ ቪልሄልም፣ ወይ ሁለቱንም አንድ ላይ ናቸው። ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎቼ ላይ አይቼዋለሁ፤ ፈተና ላይ ያሳብዳል።

አርሴ ለዘላለም፦
እናንተ ስለ ጀርመን ታወራላችሁ፣ እኔን ያሳበደኝ ሌላ ነው። ቲየሪ ማለት ዲትሪሽ ነው በፈረንሳይኛ። ሄንሪ ማለት ሃይንሪሽ ነው። ስለዚህ ቲየሪ ሄንሪ = ዲትሪሽ ሃይንሪሽ!! በዚህ ስም ሃይበሪ ላይ ማን ይዘፍንለት ነበር?

ሮቤርቶ ካርሎስም ከነሙሉው የጀርመን ዘር ነው፤ ሩፕሬሽትና ካርል። ፍራንኮች የሚባሉት የጥንት የጀርመን ነገዶች ፈረንሳይን ሲይዙ፣ ጎቶች የሚባሉት ደግሞ ስፔንን ሲይዙ ስማቸውን ጥለው ሄዱ። ፈርናንዶ፣ አልፎንሶ፣ ሮድሪጎ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ላቲን እየመሰሉን ስንት ዘመን።

ሙሌ ኮሎኝ፦
ተቃራኒውም አለ። ጀርመን ጀርመን የሚሸቱት የእኛው ሆነው ታገኛቸዋለህ። ሃንስ ዮሐንስ ነው። ክላውስ ኒቆላዎስ ነው። የርገን ክሎፕ ደግሞ ጊዮርጊስ! የርገን የሰሜን ጀርመኖች ጌኦርግ ነው። ሳንጆርጅ ሰውዬውን ዛሬውኑ ማስፈረም አለበት።

ጎንደሬው፦
ዲትሪሽ ከተነሳ አይቀር፣ እሱ እኮ ቴዎድሮስ ማለት ነው። በላቲን ቴዎዶሪኩስ ብለው ነው የሚጽፉት። ልጁን ዮናስ ዲትሪሽ በሉትና እማዬ ቴዲ ትበለው፤ አለቀ።

መዝገበ ቃላት፦
@ጎንደሬው ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ናት። ቴዎድሮስ ግሪክ ነው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ። ዲትሪሽ ግን «ዲዮት» ሕዝብ፣ «ሪሽ» ገዥ ነው። አጻጻፋቸው ስለተቀራረበ በላቲን ተምታታ። ራቬና ተቀምጦ ከ493 እስከ 526 ጣሊያንን የገዛው የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክም ይኸው ስም ነው ያለው። ሌላ የሚገርመውን ልንገርህ፤ «ዶይች» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው «ዲዮት» የመጣ ነው። የሕዝቡ፣ የተራው ሰው ቋንቋ ማለት ነበር፤ የካህናቱ ላቲን ስለነበር።

ጎንደሬው፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ቴዲ ለምን ይቅር?

ሳባ በርሊን፦
እኔ የምፈራው ትርጉሙን ሳይሆን ድምፁን ነው። ጌርሃርድን ሲያሳጥሩት ጌርድ ይሉታል። አዲስ አበባ ይዘሽው ስትሄጂ «ገረድ» ብለው የሚሰሙ አሉ። ኮንራድ ሲያጥር ኩርት ነው፤ አክስቶቼ «ቁርጥ ነው ወይስ ክትፎ?» ነው የሚሉት። ቲል የሚባል ቆንጆ አጭር ስም አለ፣ እዚህ ብዙ ሕፃን አለው። በአማርኛ ስትሰሚው ጥል። «ጥል መጣ፣ ጥል ተኛ» ልትባባሉ ነው።

ሙሌ ኮሎኝ፦
ማሳጠሩ ላይ ግን ይመሳሰሉናል። እኛ ጌታቸውን ጌች፣ ሙሉጌታን ሙሌ እንላለን። እነሱ «ትስ» ይቀጥሉበታል። ፍሪድሪሽ ፍሪትስ፣ ሃይንሪሽ ሃይንትስ፣ ሉድቪግ ሉትስ። በመካከለኛው ዘመን ሃይንሪሽና ኮንራድ ከመብዛታቸው የተነሳ ዛሬም «ሂንትስ ኡንት ኩንትስ» ሲሉ እገሌና እከሌ፣ ያገኘኸው ሁሉ ማለታቸው ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሄን አባባል የሰማሁ ቀን ሁለት አዲስ ሠራተኛ የመጣ መስሎኝ ነበር።

ቆራጡ፦
ማንንም ላስቀይም አይደለም፣ ግን እውነቱን ልናገር። ከስንት ቆንጆ ስማችን መሀል ለሐበሻ ልጅ የፈረንጅ ስም ፍለጋ መንከራተት ምን ይባላል? ነገ ልጁ አባቱን ነው የሚጠይቀው።

የማርያም ወርቅ፦
@ቆራጡ ልጁ እኮ እናትም አለው፤ እናቱ ደግሞ አያት ነበራት። ደግሞ ዮናስ ራሱ የየት አገር ስም ይመስልሃል? ዕብራይስጥ ነው። ዳዊት ዕብራይስጥ፣ ጴጥሮስ ግሪክ። እኛ ጋ ሲደርሱ የእኛ ሆኑ። እዚህም ያው ነው የሆነው። ከ1200ዎቹ ወዲህ የቅዱሳን ስም ገባና የድሮዎቹን እነ ሃዱብራንድን ጠራርጎ አወጣቸው። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቁሙና ስሙ፤ ኖኅ፣ ኤልያስ፣ ሉቃስ፣ ዮናስ። የልጄ ክፍል የሰንበት ትምህርት ቤት ነው የሚመስለው። ከድሮዎቹ የምሰማው ሄንሪ የሚለውን ነው፤ ሃይንሪሽ በበር ወጥቶ በእንግሊዝኛ በመስኮት ገባ።

ጋሽ ፍራንክፈርት፦
ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር ከ40 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። አንድ ያልተነሳ ነገር ላንሳ።

እነዚህ የጥንት ስሞች እንዲያው በፋሽን ብቻ አይደለም የቀነሱት። ናዚዎች የጀርመን ስም የሚሉትን በፖለቲካ በከሉት። በ1938 የወጣ ድንጋጌ ነበር፤ በዝርዝራቸው የአይሁድ ነው ያሉት ስም የሌለው አይሁዳዊ ወንድ ሁሉ «እስራኤል»፣ ሴቷ «ሣራ» የሚል ስም ከ1939 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲጨምሩ ተገደዱ። ስም መለያ ታርጋ ሆነ ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ የጀርመን አይሁዶች አገራቸውን ወደው ልጆቻቸውን ዚግፍሪድ፣ ዚግሙንድ ብለው ነበር። ያ አላዳናቸውም።

አዶልፍም የተኩላ ስም ነው፤ ክቡር ተኩላ። በሕግ የተከለከለ ስም አይደለም፤ የሚያወጣው ሰው ግን ያው ምን እያለ እንደሆነ ይታወቃል። ሆርስት ከአዶልፍ ይሻል ነበር፣ አሁን ግን ጅል ማለት ሆኖ መሰደቢያ ሆኗል። ቮልፍጋንግ ግን ንጹሕ ስም ነው። ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ብዙ ሰው አውጥቶታል። አሁን ጡረተኛ እንጂ ሕፃን ቮልፍጋንግ አታገኝም፤ ለሁለተኛ ስም ግን ይሄ ምንም አይደለም። ለሁለተኛ ስም የሚመረጠው የአያት ስም ነው፤ የአገሩ ወግም እንደዚያ ነው።

ሁለት የተግባር ምክር። ልደቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሽታንደስአምት (ልደት ለሚመዘግበው ቢሮ) ማስታወቅ አለባችሁ። በስሙ ካልተስማማችሁ አትጨነቁ፤ ለስሙ እስከ አንድ ወር ጊዜ አለ። በሁለቱ ስም መሀል ደግሞ ሰረዝ አታስገቡ። በሰረዝ ከተያያዘ አንድ ስም ነው፤ ልጁ ዕድሜ ልኩን ቅጽ ሲሞላ ሙሉውን ሊጽፍ ነው።

የካሰሉ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰረዙን አላሰብኩትም ነበር፤ ባለቤቴም «ልክ ናቸው» ብላለች።

የመርሐቤቴ ልጅ፦
ካርል ለምን አይሆንም? እኛ አካባቢ ካርል ማን እንደሆነ ለማንም አይተረጎምም። ካርልሃይንትስ በም የፊልም ተዋናይነቱን ትቶ በ1981 ሰዎች ለሰዎችን አቋቋመ፤ መርሐቤቴ ላይ የሠራውን እዚያ ያደገ ያውቀዋል። ስሙ በአንድ ላይ ካርልና ሃይንሪሽ ነው። ካርል ትርጉሙ ሰው፣ ነፃ ሰው ማለት ነው ይላሉ። ተኩላ የለበትም፣ ጦር የለበትም።

መዝገበ ቃላት፦
በካርል ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም የምወደው ነው። በፍራንኮቹ ንጉሥ በታላቁ ካርል (ሻርለማኝ) ዝና የተነሳ ስላቮች ስሙን «ንጉሥ» ማለት አደረጉት። ፖላንዶች «ክሩል»፣ ሩሲያውያን «ኮሮል» ይላሉ። ተራ ሰው ማለት የነበረው ስም የንጉሥ ማዕረግ ሆነ።

ዓረፍተ ነገር የሆነ ስም ለሚወድ ደግሞ፣ ጀርመኖችም አንድ ሰሞን እንደ እኛ ሆነው ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፒየቲስት የሚባሉ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ልጆቻቸውን ፉርሽተጎት ይሏቸው ነበር። «እግዚአብሔርን ፍራ» ማለት ነው። ትራውጎት፣ «በእግዚአብሔር ታመን»። ሌበሬሽት፣ «በቅን ኑር»። በ1815 ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን የተፋለመው የፕሮይሰን ማርሻል ብሉሸር ከስሞቹ አንዱ ሌበሬሽት ነው። ለእማዬ ከሁሉ የሚጥማት ፉርሽተጎት ነበር፤ ልጁ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ በሕይወት አይተርፍም።

ዲያቆኑ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የተኩላው ነገር ካስጨነቃት፣ ቮልፍጋንግ የሚባል ጳጳስ እንደነበረ ንገራት። የሬገንስቡርግ ጳጳስ ነበር፤ በ994 አረፈ። በካቶሊኮች ዘንድ ቅዱስ ነው፤ በዓሉን ኦክቶበር 31 ያከብራሉ። በእርግጥ ከኬልቄዶን ጉባኤ ብዙ በኋላ የነበረ ስለሆነ በእኛ ስንክሳር አይገኝም።

የካሰሉ፦
ዲያቆን፣ አንደኛ ነህ። «ስሙ እኮ የጳጳስ ስም ነው» ስላት ድምፅዋ ቀለል አለ። ኬልቄዶንን አላነሳሁም።

ሳባ በርሊን፦
ሃሃሃ፣ እንዳታነሳ!

ፒያኖ ቪየና፦
ሙዚቃ አስተማሪ ነኝና ይሄን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሞዛርት ጃንዩዋሪ 27 ቀን 1756 ዛልትስቡርግ ተወለደ። በማግስቱ ሲጠመቅ መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ዮሐንስ ክሪሶስቶሙስ ቮልፍጋንጉስ ቴዎፊሉስ» ነው። የተወለደበት ቀን በእነሱ ዘንድ የዮሐንስ አፈወርቅ በዓል ነበር። ቮልፍጋንግ ደግሞ የእናቱ አባት ስም ነው። እስቲ አስቡት፤ የክርስትና ስሙ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ መጠሪያው የአያቱ ስም። ከእኛ ወግ በምን ይለያል? አማዴውስ የቴዎፊሉስ ላቲን ነው፤ አባቱም በጀርመንኛ ጎትሊብ ብሎ ጽፎታል።

ግዕዝ በሃምቡርግ፦
ተኩላውን ያህል ከኢትዮጵያ ጋር የተቆራኘ ስም ደግሞ የለም። በ1652 መካነ ሥላሴ ያደጉት አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ መጥተው አማርኛና ግዕዝ ያስተማሩት ሰው ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሂዮብ ኢዮብ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ «ሊውት» ሕዝብና «ቮልፍ» ተኩላ። በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ይሄ ተኩላ ነው። ዛሬ የእኛ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በስሙ ይጠራል።

ትልልቆቻችን ደግሞ ትምህርት ቤት ሩዶልፍ ሐይቅ ብለው የተማሩት አለ፤ የኦሞ ወንዝ የሚገባበት፣ አሁን ቱርካና የሚባለው። ሩዶልፍ ማለት ዝናና ተኩላ። እማዬ ያንን ካርታ ተምራ ከሆነ ተኩላውን በልጅነቷ ታውቀዋለች።

ቆራጡ፦
እሺ የሉዶልፍን አላውቅም ነበር። ቃሌን በግማሽ አነሳለሁ።

የካሰሉ፦
ስለቆየሁ ይቅርታ። ልጁ ከተባለው ቀን አሥር ቀን ቀድሞ መጣ። 3 ኪሎ ከ200። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ዮናስ ቮልፍጋንግ ተብሎ ተመዘገበ፤ ያለ ሰረዝ። ፍሪድሪሽን እስከ መጨረሻው አስበን ነበር። ባለቤቴ ግን ሆስፒታል ውስጥ ሕፃኑን ታቅፋ የአያቷን ስም ስትጠራው አየኋት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ትርጉም አልተነጋገርንም።

ለእማዬ ስደውል የሉዶልፍንም የሞዛርትንም ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። ዕድል አልሰጠችኝም። በቪዲዮ አየችውና አለቀሰች። ጠባ ወይ፣ ተኛ ወይ፣ ብርድ እንዳይመታው፤ በዚያው ስለ ስሙ አንድም ቃል ሳትናገር ዘጋች። በማግስቱ ጠዋት ግን እሷ ራሷ ደወለችና «ተኩሌ እንዴት አደረ?» አለች።

አሁን ደሴ ያለው ዘመድ በሙሉ ተኩሌ ነው የሚለው። ዮናስ የሚለውን የምንጠቀም እኛና ሽታንደስአምት ብቻ ነን።

ሳባ በርሊን፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ገንፎ በላች ወይ?

የካሰሉ፦
እኔ ነኝ የሠራሁት። ግማሹን እኔ በላሁት።

ሙሌ ኮሎኝ፦
ተኩሌ ይደግ! እኛም በነሐሴ እንጠብቃለን። የሚስቴ አያት ስም ሆርስት ነው። አዲስ ክር ልክፈት ወይስ እዚሁ እንቀጥል?